በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያየነው ክር

ጊምቢቹ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ወንድሜ ጴጥሮስ በገዛልሽ ቅባት ታሺዋለሽ ወይስ ሽታው አስጠላኝ ብለሽ ደብቀሽዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ዕንባቆምም ደህና ነው፤ ትንሽ ሆድ አውጥቷል፤ ይህን መጻፌን አያውቅም።

በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ምን ላድርግ? የጎረቤታችን የትርፊት ስም በተነሳ ቁጥር ስልኩን ትዘጊብኛለሽ። ባለፈው እሑድማ ገና «ትር…» ስል ዘጋሽው፤ እኔ ደግሞ ትራንስፖርት ተወደደ ልልሽ ነበር። ደብዳቤ እንደዚያ በቀላሉ አይዘጋም። የምታነብልሽ የጴጥሮስ ልጅ አቢጋኤል እንደሆነች አውቃለሁ። አቢጋኤልዬ፣ አያትሽ «ይሄን ዝለዪው» ብትልሽ አትስሚያት። ሻይ አፍልተሽ ስጪያትና ቀጥዪ።

እማዬ፣ ከሄድሽ ዓመት አለፈሽ እኮ። አምና ከፋሲካ በፊት የእንሰት ጓሮሽ አንድ በአንድ ጠውልጎ ሲያልቅ «ይሄ የትርፊት ዓይን ነው» አልሽ። «መጀመሪያ የእሷ ደረቀ፣ ከዚያ ደቦ እየመጣች የሁላችንን አደረቀችው» አልሽ። ሽማግሌዎች ለመኑሽ፣ መጋቢው ለመነሽ፣ እኔ አለቀስኩ። ከእሷ ጋር በአንድ የጌታ እራት አልቀርብም ብለሽ ልብስሽን ጠቅልለሽ ጴጥሮስ ጋ ዱራሜ ገባሽ። እሷም ከጎረቤት እንደተለየች ቀረች። ቡና የሚጠራት የለም፤ ልጆቿን የሚያቅፍላት የለም። ሰው አንቺን ያምንሻል፤ አንቺ የተናገርሽው አይወድቅም። ይህን ስጽፍ ልወቅስሽ አይደለም። ያየሁትን ልነግርሽ ነው፤ ያየሁት ነገር ደግሞ ለብቻዬ ይዤው የምኖረው ዓይነት አይደለም።

ነገሩ የጀመረው በየካቲት ነው። ለሦስት ቀን ሥልጠና ሆሳዕና ላኩኝ። ርዕሱ «ቴክኖሎጂን ከክፍል ውስጥ ትምህርት ጋር ማቀናጀት» ይላል። እኔ ታውቂኛለሽ፣ ኮምፒውተር ስነካ እሳት የነካሁ ነው የሚመስለኝ። ከኋላ ተቀምጬ ሦስቱን ቀን አሳልፋለሁ ብዬ ነበር። አሠልጣኛችን ሃቢባ የምትባል ልጅ እግር መምህርት ግን ወደ ኋላ የተቀመጥነውን ወደ ፊት አመጣችን። «ትምህርት ቤታችሁ ኔትወርክ ከሌለው እዚህ አውርዳችሁ ይዛችሁ ሂዱ» አለችን። ኢንተርኔት ላይ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል መምህራን ብቻ የተዘጋጀ ስንት ነገር እንዳለ ስታሳየን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቪዲዮው፣ የሙከራው አሠራር፣ ተማሪ ምን ብሎ ሊጠይቅ እንደሚችል እንኳ ተጽፏል። የማላውቃቸው መምህራን፣ በማላውቀው አገር ተቀምጠው፣ እኔን አስበው የጻፉት መሰለኝ።

እማዬ፣ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ በዓይኔ ሳላይ ማይክሮስኮፕ አስተምሬያለሁ። ሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ፣ ልጆቹ የክፍሎቹን ስም በቃላቸው ይይዛሉ፣ እፈትናቸዋለሁ፣ ያልፋሉ። እነሱም አላዩ፣ እኔም አላየሁ። አንዱ ገጽ ግን ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ያለችውን የምስር ፍሬ የምታህል መስታወት አውጥታችሁ በፀጉር ማስያዣ ስልካችሁ ካሜራ ላይ አስሩ ይላል። ዕንባቆም ያቺን የመዝሙር ማጫወቻውን ስፈታታ አይቶ «ሥልጠናው ሌብነት ነው እንዴ?» አለኝ። መስታወቷን አሰርኩና ጣቴን አየሁ። የጣቴ ቆዳ እንደ ታረሰ ማሳ ተተልሟል! ይህን ጣት አርባ ዓመት ይዤው ስዞር አላውቀውም ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ፕሮጀክተር ነበር። ለምኜ አወጣሁት። መጀመሪያ ቀን ስልኬን እንዳገናኘሁት ዕንባቆም የላከው መልእክት ግድግዳው ላይ በትልቁ ወጣ፤ «የኔ ቆንጆ ሽሮ አልቋል»። ስልሳ ሦስት ተማሪ በአንድ ድምፅ አነበበው። እስከ ዛሬ በሰፈሩ ሳልፍ «ቲቸር፣ ሽሮ ተገዛ?» ይሉኛል። ቢሆንም መብራት በነበረ ቀን ሁሉ አየን። የደንብ ልብሳቸውን ክር አየን፤ እንደ መጫኛ ገመድ ተገምዷል። የሽንኩርት ልጣጭ አየን፤ እንደ ጡብ ተደርድሯል። የጉንዳን ዓይን አየን። ለወትሮው ከኋላ ተቀምጠው የሚያንቀላፉት ሳይቀሩ ወንበር ላይ ወጡብኝ። እኔም ከእነሱ ጋር አብሬ «ወይኔ!» እላለሁ። መምህርት መሆኔን ረስቼዋለሁ።

በሚያዝያ መጀመሪያ የዓይነ ስውርን ዓይን የሚያበራ የሚመስል ቀን መጣ። ትምህርቱ ስለ ባክቴሪያ ነው። ገጹ «በአካባቢያችሁ የሚጠወልግ ተክል ካለ ይህን ሞክሩ» ይላል። ከጓሮሽ ዳር ከተረፉት አንዱን ቆረጥኩ፤ ይቅር በዪኝ፣ እሱም መጠውለግ ጀምሮ ነበር። ከግንዱ ቁራጭ ወስደን ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ በክር አንጠለጠልነው። ስልኩ ከብርጭቆው አጠገብ ነው፤ ብርጭቆው ግድግዳው ላይ በር አክሎ ይታያል። ጠበቅን። ምንም የለም። ልጆቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። እኔም የወረደልኝ ገጽ ውሸት ነው እንዴ ብዬ ማፈር ጀመርኩ።

ከዚያ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት ያለ ነጭ ቀጭን ክር ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠር አልቻልንም። አይቸኩልም፣ አይቆምም፤ ውሃው መሐል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከገጹ ላይ አነበብኩላቸው፤ ይህ ክር የተክሉ ፈሳሽ ብቻ አይደለም፣ በውስጡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ፣ ተክሉን ውሃ ከልክለው የሚያጠወልጉት እነሱ ናቸው ይላል። ስልሳ ሦስት ልጅ ወደ ግድግዳው ተንጠራራ። እማዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፤ ፈራሁ፣ ደግሞም ደስ አለኝ። ጌታ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ከዓይናችን ሰውረህ ነው የምትኖረው? አልኩ በልቤ። ዓመት ሙሉ ያስለቀሰሽ ነገር እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ነበር። ዓይን የለው፣ ቂም የለው፣ የማንም ጎረቤት አይደለም።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እግር የለውም፣ ክንፍ የለውም፤ ታዲያ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው በምን ይሄዳል?»

መልሱን ቪዲዮው ነገራቸው። የታየችው በሌላ አገር ያለች ሙዝ አብቃይ ሴት ናት፤ ሙዝ ደግሞ የእንሰት ዘመድ ነው፣ በሽታቸውም አንድ ነው። ሴትየዋ አንዱን ተክል ትቆርጥና ሌላው ጋ ከመድረሷ በፊት ቢላዋዋን እሳት ላይ ታገላብጠዋለች። በየተክሉ እንዲሁ። ምክንያቱም ይላል ቪዲዮው፣ ብዙውን ጊዜ የሚያጓጉዘው ቢላዋ ነው። የታመመውን የነካ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ቅጠል ከቆረጠ በቂ ነው። ልጆቹ እርስ በርስ በሀዲይኛ ተነጋገሩ። የእኛን አገር ደቦ ሁሉም ያውቀዋል። ሴቶቹ ተሰብስበው ቆጮ ይፍቃሉ፣ ቆጮው ለሚቀበርበት ጉድጓድ የሚነጠፈው ቅጠል ከቆሙት ጤነኛ እንሰቶች ይቆረጣል፣ በነጋታው ያው ቢላዋ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል።

በሚቀጥለው ሳምንት ካርታ ሠራን። ይህም ከገጾቹ አንዱ ነው፤ በሽታው የት መቼ እንደታየ ተማሪዎቹ ራሳቸው ጠይቀው ካርታ ላይ ያስቀምጡ ይላል። ጊምቢቹን ከሰማይ የሚያሳየውን ፎቶ ሆሳዕና ሆኜ አውርጄው ነበር። እማዬ፣ ቤታችንን ከሰማይ አየሁት! ቆርቆሮሽን አወቅሁት። ፎቶው የቆየ ስለሆነ የሁሉም ጓሮ ገና አረንጓዴ ነው። ያንቺም ሙሉ ነበር፤ ቤቱን አቅፎት፣ ጥቅጥቅ ብሎ። ልጆቹ «ቲቸር!» እያሉ እስኪጠሩኝ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ለጥፈን ቤቶቹን በማርከር ሳልናቸው። ልጆቹ በየቤቱ እየሄዱ መጀመሪያ ቅጠል ቢጫ የሆነበትን ወርና ሳምንት ጠይቀው መጡ። አሥራ አራት ቤት ሆነ። በታመሙበት ቅደም ተከተል ከአንድ እስከ አሥራ አራት ቁጥር ሰጠናቸው፣ ቁጥሮቹንም በመስመር አገናኘናቸው። መስመሩ ነፋሱን አይከተልም፣ ወንዙንም አይከተልም። እየዘለለ፣ መንገድ እያቋረጠ ይሄዳል። ያቺው እጇን ያወጣች ልጅ ድንገት ተነስታ «ይሄ እኮ የአምናው ደቦ ተራ ነው!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። አንድም ቤት አልተሳሳተም። አሥራ አራተኛው ያንቺ ነው፤ ሁልጊዜ የራስሽን መጨረሻ ነው የምታስደርጊው። አንደኛዋ ትርፊት ናት፤ አራስ ስለነበረች ሁሉም እሷን አስቀደመ።

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ሮዳስን አየ። ሮዳስ የትርፊት ትልቋ ልጅ፣ እጅሽ ላይ ያደገችው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። «ከነሱ ቤት ነዋ የተነሳው» አለ አንዱ። ሮዳስ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፋች። እማዬ፣ በኢንተርኔት ተምሬ፣ በገዛ እጄ፣ በዚያች ልጅና በእናቷ ላይ በማስረጃ ልፈርድ ነበር። ካርታው አልዋሸም። ካርታ የሚያውቀው ግን የነገሩትን ብቻ ነው፤ ከአንድ በፊት ምን እንዳለ ማንም አልነገረውም።

እኔ ግን አውቅ ነበር።

አቢጋኤልዬ፣ እዚህ ጋ ቀስ ብለሽ አንብቢ። እማዬ፣ አምና በኅዳር የአክስቴን ባል ለመቅበር ጃጁራ አብረን ሄደን ነበር። ለለቅሶተኛው የሚሆነው እንሰት ሲቆረጥ እኔ አጠገብ ነበርኩ። ጓሮው ውስጥ ጫፋቸው ቢጫ ሆኖ የዛሉ አየሁ። «ፀሐይ መቷቸው ይሆናል» ተባለ፤ የሳይንስ መምህርቷም «ይሆናል» ብላ አለፈች። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ማንም አይጋራኝም። በማግሥቱ ጊምቢቹ ተመለስን። ትርፊት በሌሊቱ ወልዳ ነበር።

ማርከሩን አነሳሁ። ከወረቀቱ ውጪ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ፣ በጃጁራ በኩል አንድ ነጥብ አድርጌ «ዜሮ» ብዬ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ግድግዳው እስከ አሁን ይነጫነጫል። «በሽታው ከእነ ሮዳስ ቤት አልተነሳም፤ ከሌላ ቦታ ነው የመጣባቸው» አልኳቸው። ልጅ አይደሉ፣ «ማን አመጣው?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ገጽ አላወረድኩም። እንዲህ አልኳቸው፤ «ለቅሶ ቤት እንሰት ስትቆርጥ ውላ የተመለሰች አንዲት ሴት ናት። ደክሟታል፣ አላረፈችም። ጎረቤቷ መውለዷን ስትሰማ የሐዘን ነጠላዋን ሳታወልቅ ልትረዳት ገባች። ቢላዋዋ ምን እንደያዘ እሷ አታውቅም፤ እኛም እስካለፈው ሳምንት አናውቅም ነበር። እዚህ ክፍል ውስጥ እንደዚያች ሴት ቢሆን የማይወድ ካለ እጁን ያውጣ።» ማንም አላወጣም። ሮዳስ ቀና አለች። ስም አልጠራሁም። እዚህም አልጠራም።

በነጋታው ትርፊት ቤቴ መጣች። ሮዳስ ነግራታለች። ከስታለች እማዬ፤ ስታያት ታዝኛለሽ። ገብታ ቁጭ አለች። እኔም ስለ ካርታው፣ ስለ ብርጭቆው መቀባጠር ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

«ጣቢታ፣ የዚያን ቀን አልጋ ላይ ሆኜ አይቻታለሁ» አለችኝ። «ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የገባችልኝ። ባል የቀበረችው እህትሽ ናት ወይስ አንቺ ነሽ ብዬ ቀለድኩባት፤ ሳቀች። ቡላውን ያወጣችልኝ እሷ ናት፣ ገንፎውን በእጇ ያጎረሰችኝም እሷ ናት። እኔ በዚያ ገንፎ ነው የታረስኩት። ልጄ ዛሬ ይሮጣል። ጓሮዬ ጠፋ፣ ጓሮ ይተከላል። ታዲያ ምን ልበላት?»

እማዬ፣ ሁለታችንም አለቀስን። እኔ እንኳ ቶሎ አለቅሳለሁ፣ ታውቂኛለሽ። እሷ ግን ዓመት ሙሉ ስሟ ሲጠፋ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው። ሽማግሌዎቹ ጋ ልሂድና ልንገር? አልኳት። «አትንገሪ» አለችኝ። «እኔን የሸሹኝ አንድ ቀን ሲደብራቸው ይመለሳሉ። እሷ ግን ትልቅ ሰው ናት፤ ይህን ስም ተሸክማ አትችለውም።»

አሁን ሰፈሩ ምን እንደሆነ ብታዪ! ልጆቹ ቪዲዮውን ለእናቶቻቸው አሳዩ። ስልክ ያለው ለሌለው አሳየ። ያለፈው ሳምንት ደቦ ላይ ሴቶቹ ሥራ ሳይጀምሩ እሳት አነደዱ፤ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ደግሞ እንደ ፖሊስ ቆመው «ቢላዋ! ቢላዋ ወደ እሳት!» ይላሉ። ትልልቆቹ ሴቶች እየሳቁ ይታዘዟቸዋል። ከአንድ የማላውቃት የሩቅ አገር ገበሬ ሴት የመጣ እሳት ጊምቢቹ ላይ ሲነድ ቆሜ አየሁ፤ ይህን ያህል ሩቅ ሄዶ ይህን ያህል ቅርብ የሚደርስ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። የታመመውን እየነቀሉ እያስወገዱ ነው። በሽታ ካልገባበት ሰፈር የመጣ ችግኝም ተዘጋጅቷል። የአሥራ አራቱም ቤት ድርሻ ተለይቷል፤ ያንቺም አለ።

የጌታ እራት ግንቦት 24 ነው። ጴጥሮስ መኪና ላይ ያሳፍርሽ፤ ሆሳዕና መናኸሪያ እኔ እቀበልሻለሁ። መጥተሽ ለማንም ምንም ማለት የለብሽም። ስለ ብርጭቆው ብቻ ልናወራ እንችላለን፤ ሠርቼ አሳይሻለሁ፣ አንቺም እንደኔ ትገረሚያለሽ። ትርፊት ግን ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ አንድ መልእክት ሰጥታኛለች፤ እንዳለችው አድርሼዋለሁ። «ትምጣ። ስትመጣ ግን ወደ ቤቷ እንዳታልፍ፤ መጀመሪያ እኔ ቤት ትግባ» ብላለች።

ጌታ መንገድሽን ያቅና፣ ጉልበትሽን ያበርታ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው። የሰውን ሥራ ከራስሽ ሥራ ሲያስቀድም የኖረውን እጅሽን ይባርክ፤ ያን እጅ ማንም እዚህ አልረገመውም።

ስምሽ ሲጠራ የምትኮራው ልጅሽ፣
ጣቢታ